ሜ ቡዋሪን ጋኖቿን አልከፍትም ያለችበት ዓመት

እኔ ሰው ማድነቅ አልወድም። የገበያችን ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ፓፓያዬን እየወቀጥኩ ስንቱን አላፊ አግዳሚ እንዳማሁ ሙቀጫዬ ይመስክር። ሜ ቡዋሪን ያደረገችውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬም ወሬዋ ሲነሳ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

ቡዋሪን ፓዴክ ሻጭ ናት። ዓሳውን ከግድቡ ሐይቅ ታስመጣለች፣ በጨውና በተቆላ ሩዝ ዱቄት ታሸዋለች፣ ጋን ውስጥ ጠቅጥቃ ታሽገዋለች፤ ከዚያ ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች። እናቷም እንዲሁ ነበሩ። እኛ የካላሲን ክፍለ ሀገር ሰዎች ያለ ፓዴክ ምግብ አይወርድልንም። የእኔ የፓፓያ ሰላጣ ራሱ የእሷ አንድ ጭልፋ ካልገባበት ሣር ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን አብረን አረጀን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የቆመው በእነዚያ ጋኖች ነው፤ ሌላ ምንም የላትም። ሜ ማለት እናት ማለት ነው፤ ገበያው ሁሉ እንደዚያ ይላታል፣ እኔ ብቻ ቡዋሪን እላታለሁ።

አንድ ሱስ ግን ነበረባት፤ ሶይሱዳ።

ሶይሱዳ የሞላም፣ ተረትን በዜማ የሚያወርደው የአገራችን ዘፈን፣ ዘፋኝ ናት፤ በእኛ በኩል ስሟን የማያውቅ ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። እዚህ አንድን ዘፋኝ እንደ ልጃቸው ይዘው፣ በሄደችበት ሁሉ የአበባ ጉንጉን ተሸክመው የሚከተሉ ሴቶች አሉ። ጉንጉኑ ላይ የብር ኖት ይሰካል፣ ዘፋኟ ከመድረክ ጎንበስ ብላ ትቀበላለች፣ የሰጪዋንም ስም በዜማ ትጠራለች። ቡዋሪን ከእነሱ አንዷ ነበረች። እኔም አለቃት ነበር። “ልጅሽ ዛሬ የት ነው የምትጮኸው?” እላታለሁ። እሷም፣ “አንቺ ሙቀጫሽን አስጩሂ” ትለኛለች።

እውነቱን ልናገር፣ እኔን የሶይሱዳ ድምፅ አይደለም ያፈዘዘኝ። ብልጠቷ ነው። የባንኮክ ሙዚቃ አሳታሚዎች መጥተው የእኛን ቋንቋ ተዪና በባንኮክ ቋንቋ ዝፈኚ ሲሏት እምቢ አለች፤ ያኔ ሁላችንም ሞኝ አልናት። ምንጊዜም የምትለብሰው የመንደሯ ሴቶች የሸመኑትን አረንጓዴ ሽርጥ ነው፤ ከሩቅ ቀለሙን ያየ ሰው ፊቷን ማየት አያስፈልገውም። ጎረቤት ለጎረቤት በሆኑ ሁለት ወረዳዎች በአንድ ዓመት አትዘፍንም፣ ስለዚህ ያመለጠችው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲቆጨው ይከርማል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ክረምቱ ነው። መነኮሳቱ ለዝናቡ ወራት ሱባኤ ሲገቡ የሞላም ጓዶች ሁሉ መድረካቸውን ያጥፋሉ። ሌሎቹ ዘፋኞች እንዳይረሱ ብለው በየሠርጉ ይዘፍናሉ፣ በስልክ ሳሙናና ቅባት ይሸጣሉ። እሷ ድራሿ ይጠፋል። አንዲት ፎቶ እንኳ አይወጣም። ዝናቡ ሲያበቃ በአዲስ አረንጓዴ ልብስ፣ በአዲስ ተረት፣ በአዲስ ዜማ ብቅ ስትል አገሩ ነቅሎ ይወጣል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ሶይሱዳ ወደ እኛ ወረዳ መጣች። ቡዋሪን እንደ ልማዷ ጉንጉኗን አንጠልጥላ መድረኩ ሥር ቆመች። ሶይሱዳ አየቻትና አፍንጫዋን ያዝ አደረገች።

“ሜ ቡዋሪን መጥተዋል” አለች። “ዓይኔ ሳያያቸው አፍንጫዬ ነግሮኛል። የእሳቸውን ፓዴክ የማይበላ ወንድ እኔን ለማግባት አይልፋ።”

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አንዱ በስልኩ ቀርፆት ኖሮ ወሬው በየቤቱ ገባ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ገበያችን የንግሥ በዓል መሰለ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ሳይቀር በመኪና እየመጡ “የሶይሱዳ ፓዴክ የታለ?” ይላሉ። ወጣት ወንዶች ቀምሰው እየሳቁ ለሠርግ ተዘጋጅተናል ይላሉ። ቡዋሪን ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት፤ እኔም ፓፓያ ስወቅጥ ክንዴ እስኪዝል ድረስ ሸጥኩ።

የደረሰው ጋን አለቀ። ሰዉ ግን አላለቀም። ቡዋሪን እዚህ ላይ ተሳሳተች፤ ዓመት ያልሞላቸውን፣ ገና በብርዱ መግቢያ የታሸጉትን ጋኖች መክፈት ጀመረች።

እኔ አንድ ጭልፋ ሰላጣዬ ላይ አድርጌ ስቀምሰው አወቅኩት። ጨውና ዓሳ ለየብቻ ይናገራሉ፤ አልተዋደዱም። “ቡዋሪን፣ ይሄ ጥሬ ነው” አልኳት። ፊቷን አጠቆረችብኝ። ምቀኛ ነሽ አለችኝ፣ ከዚያም አኮረፈችኝ።

ከእኔ በቀር ግን ማንም አልነገራትም። የእኛ ሰው ፊት ለፊት አልጣፈጠኝም አይልም፤ ነውር ነው። ፈገግ ይላል፣ እጁን አጋጥሞ እጅ ይነሳል፣ በጣም ይጣፍጣል ይላል፣ በሚቀጥለው ገበያ በሌላ በር ገብቶ በሌላ በር ይወጣል። እንዲህ እያለ ሰዉ ተነነ። ዝናቡ ሊጥል ሲል የሶይሱዳ ጓድ ወጥ ሠሪ፣ ሁልጊዜ ከቡዋሪን ሌላ የማያውቀው ሰውዬ፣ ከገበያው ጥግ ከሌላ ሻጭ ዘንድ ቆርቆሮውን ሲያስሞላ ቡዋሪን አየችው። እሱም አያት፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ያን ዕለት ቅስሟ ተሰበረ። ኩርፊያዋን ረስታ እኔ ትከሻ ላይ አለቀሰች።

ያላት ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ ሶይሱዳ ዝናቡ ሲያበቃ ስሟን ዳግመኛ ከመድረክ እንድትጠራላት። ይህንኑ ለመለመን ጓዱ ልምምድ ወደሚያደርግበት መንደር ሄድን። በጭነት መኪና ጀርባ ተቀምጠን፣ ዝናብ እየመታን።

ሶይሱዳን በዚያ መልኳ አያታለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በተቀደደ ካናቴራ፣ እግሯ ጭቃ ለብሶ አንዲትን እርምጃ ትደጋግማለች። ትረግጣለች፣ ትዞራለች፣ አልሆነም ትላለች፣ እንደገና። ብዙ ቆመን አየናት፤ ያቺው አንድ እርምጃ ናት። እንዲህ የሚለፋበት ነገር መሆኑን አላውቅም ነበርና አፈርኩ።

ስታየን ሮጣ መጥታ ቡዋሪንን እጅ ነሳች፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቡዋሪን ልመናዋን አቀረበች። ሶይሱዳ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣ “ሜ፣ እኔም ቀምሼዋለሁ” አለች።

ቡዋሪን አቀረቀረች።

“ስምዎን ብጠራ ሰው ይመጣል። የመጣው ይቀምሳል። ከቀመሰ በኋላ የእኔ አፍ ምን ይረባዎታል?”

“ታዲያ ምን ልሁን ልጄ? ከፍቼ ካልሸጥኩ በምን ልኑር?”

“እኔም እፈራለሁ” አለች ሶይሱዳ። “ክረምት በመጣ ቁጥር ዘንድሮ ይረሱኛል እላለሁ። ግን ሳልደርስ ወጥቼ ከሚያዩኝ ቢረሱኝ ይሻለኛል።”

ሩዝ አብልታ ሸኘችን። እኔ መንገዱን ሙሉ ስረግማት መጣሁ፤ ያጎረሰ እጅ ትነክሳለች፣ ድሮም ዘፋኝ ነገር፣ አልኩ።

በማግስቱ የቀሩትን ጋኖቿን ሁሉ በጋሪ አስጭና ገበያ አመጣች። መደቧ ላይ በረድፍ ደረደረቻቸው። እንደታሸጉ ናቸው። ከኋላቸው ተቀመጠችና እጇን አጣጠፈች።

“አትከፍችውም?” አልኳት።

“አልከፍትም።”

“ታዲያ ቤትሽ አትተኚም? ምን ልታደርጊ መጣሽ?”

“ሶይሱዳ በክረምት ብትጠፋ ያምርባታል፤ ማንንም አልበደለችም” አለችኝ። “እኔ ጥሬውን የሸጥኩት እዚህ ተቀምጬ ነው። ጥሬ ነበር የምለውም እዚሁ ተቀምጬ ነው።”

አደረገችውም። ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ “የባለፈው ጥሬ ነበር፣ ይቅር በሉኝ። ይሄኛው ገና ነው” ትላለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይነገርም። መጀመሪያ ሰዉ በእሷ ምትክ እያፈረ አንገቱን ሰብሮ አለፈ። አንዳንዱ ዐዘነላት፣ አንዳንዱ ነካ አደረጋት አለ። እሷ በየገበያው ቀን እየመጣች ትቀመጣለች። እንዳትራብ የእኔን ሳህኖች ታጥባለች፣ ከእኔ ጋር ትበላለች። ጣሪያዋ ያፈስስ እንደነበር አውቃለሁ።

በዚህ መሀል አንድ ነጋዴ በጭነት መኪና መጣ። ጋኖቹን እንዳሉ ልውሰድ አላት፤ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ስለሚገባ ማንም አይለየውም፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ስምሽን እለጥፋለሁ አለ። ለአንድ ዓመት የሚያኖራት ገንዘብ ነበር። እኔ ከጎን ሆኜ እሺ በይ እያልኩ በክርኔ እጎሽማታለሁ። እሷ አመስግና፣ ዝናብ እንዳይዘው በጊዜ እንዲሄድ መከረችው። ሲሄድ ጮኽኩባት። እየጮኽኩ ሳለሁ ግን ፊቷን አየሁት፤ የፈራች ሴት ፊት ነበር። እየፈራች እንደነበር ስረዳ መጮኼን ተውኩ። ደፋር ብትሆን ኖሮ ያን ያህል ባልደነቀኝ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ተለወጠ። ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ ሊገዙ አይደለም፣ ሊጠይቁ። “ሜ፣ እንዴት ሆነ?” ይላሉ። ጋኑን ነካ ነካ ያደርጋሉ። ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ያሳያሉ። የሚሸጥ ነገር የሌለው መደብ ፊት ሰው ሲሰበሰብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዝናቡ አበቃ፣ መነኮሳቱ ከሱባኤ ወጡ፣ ሶይሱዳ የዓመቱን መጀመሪያ መድረክ በእኛ ክፍለ ሀገር ዘረጋች። ፀሐይ እንደገባች ሜዳው ላይ እግር መጣያ አልነበረም። ቡዋሪን ገንዘብ ስላልነበራት ጉንጉኗ ከጓሮዋ የለቀመችው ጃስሚን ብቻ ነበር። ሶይሱዳ አዲስ ልብሷን ለብሳ ወጣች። የእናቶቹን ጉንጉን እየተቀበለች የእያንዳንዷን ስም ከነመንደሯ በዜማ ጠራች። ቡዋሪን ዘንድ ስትደርስ ተንበርክካ ተቀበለቻት፣ እጅ ነሳች፣ ስሟን ሳትጠራ ቀና አለች። ደሜ ፈላ።

በዚህ ጊዜ ከሜዳው መሀል የአንድ ወንድ ድምፅ፣ “ሜ ቡዋሪን፣ ደረሰ ወይ?” አለ።

ሌላ ደገመው። ከዚያ ከግራም ከቀኝም መጣ፤ ሴቱም ወንዱም፣ የማናውቀው ሕዝብ ሁሉ፣ “ደረሰ ወይ? ደረሰ ወይ?” ይላል። ሶይሱዳ እጇን አንሥታ ከበሮውን አስቆመች፤ የድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጋ ለቡዋሪን ሰጠቻት።

ያን ዕለት ጠዋት አንዱን ጋን ከፍተን ሁለታችንም ቀምሰነዋል። ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ለእኔ ግን ደርሷል። ቢሸጥ ማንም ምንም አይል፤ በነጋታው ሁሉም ያልቅ ነበር፣ ጣሪያዋም ይታደስ ነበር። “ደርሷል በያቸው” አልኳት በጆሮዋ።

ቡዋሪን ማጉያውን በሁለት እጇ ያዘች።

“ገና ነው” አለች። “አዲሱ ሩዝ ሲታጨድ ኑ።”

ከሜዳው የተነሣውን ጩኸት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ መሬቱ እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሶይሱዳ ማጉያውን ተቀብላ ልትዘፍን አልቻለችም። መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ማጉያውን ከአፏ አርቃ፣ አጠገቡ ለቆምነው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ሜ፣ እኔ ብሆን ደርሷል እል ነበር” አለቻት።

ቡዋሪን ታለቅስ ነበር።