«ኖር» ባዩ ልብስ ሰፊ

በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ ላይ ልብስ ያሰፋ ሰው ጋሽ ሀቢቡን አይረሳም። ሰው ወደ ሱቃቸው ሲገባ የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ «ኖር!» እያሉ ብድግ ይላሉ። የገባው የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ይሁን የከተማው ዳኛ፣ ለእሳቸው አንድ ነው። ክርስቲያኑ «በእግዜር አይነሱ!»፣ እስላሙ «በአላህ አይነሱ!» ካላላቸው አይቀመጡም። በዚህ መነሳት ስንት እጅጌ ተጣመመ! የእኔም የሠርግ ኮት አንዱ ትከሻው ወደ ላይ ነበር።

ተናድጄ፣ «ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ቢሉትስ?» አልኳቸው።

«ኖር ማለት እኮ ኑር፣ ዕድሜ ይስጥህ ማለት ነው» አሉኝ። «ዕድሜ የምትመኝለትን ሰው ተቀምጠህ ትቀበለዋለህ?»

ዛሬ ሽማግሌ ሲገባ እግሩን እንኳ የማይሰበስበውን ሁሉ ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ያ ጠማማ ኮቴም ይናፍቀኛል።

ጋሽ ሀቢቡ ያረፉ ቀን ግቢያቸው በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ቃሬዛው ከቤት ሲወጣ ሁላችንም ተነሳን። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ለምዶባቸው፣ «ኖር!» አሉ። ማንም አልሳቀም። «አትነሱ» የሚለን ስላልነበረ፣ ቃሬዛው ከዓይናችን ከራቀ በኋላም እንደቆምን ቀረን።