ፎርፌ

ላፍቶ ከታክሲ ስወርድ አንድ ቀለም ቀቢ አጥር ላይ ኖራ ይቀባል። ሽታው እዚያው ገትሮ አቆመኝ። የኮሌጃችን ሜዳ እዚህ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል።

ያኔ በዙሪያው ያሉ ኮሌጆች በየዓመቱ በእግር ኳስ ይወዳደሩ ነበር። ኋላ አንዱ ከተማውን ለቀቀ፣ ሌላው ተማሪ አጣ፣ ቡድኖቹም ተመናምነው እኛና አንድ ሌላ ኮሌጅ ብቻ ቀረን።

አንድ ቅዳሜ ሜዳውን በኖራ አስምረን፣ ማሊያ ለብሰን ተጋጣሚያችንን ጠበቅን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሚመጣ ሰው የለም። በመጨረሻ “ቀሩ! በፎርፌ አሸነፍን!” ብለን ጨፈርን።

አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ በስልክ ሲያወሩ ቆይተው ወደ እኛ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

“ኮሌጃቸው ተዘግቷል” አሉ።

“ታዲያ ጋሼ፣ ነጥቡ የኛ ነው አይደል?”

“ማን ይስጣችሁ? የቀረው ቡድኑ ብቻ መሰላችሁ? ውድድሩም ቀርቷል እኮ፣ ልጆቼ።”

ማሊያችንን እናውልቅ አናውልቅ ግራ ገባን። በረኛችን ጎሉ ስር ቆሞ ቀረ። እሳቸውም ሂዱ አላሉን፣ ተጫወቱም አላሉን። ኖራውን በጫማቸው ጫፍ ብቻ ይነካኩ ነበር።

“ወንድም፣ ሰው እየጠበቅክ ነው?” አለኝ ቀለም ቀቢው፣ ቆሜ ብቀርበት።

“ቀሩ መሰለኝ” አልኩት። ከቦታዬ ግን አልተነቃነቅኩም።