የማንም ያልሆነ ቁጥር

የያዙኝ ከትምህርት ቤት ስወጣ ነው፤ የጠመኔው አቧራ ገና ከእጄ አልለቀቀም ነበር። ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ግን ቀርቶ ጉሮሮ ይከረክራል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ሲሚንቶው ላይ ይተኛል፤ እኛ እስረኞቹም አብረነው እንተኛለን።

የኔ ጥፋት ስልኬ ላይ የተገኘ ቁጥር ነው፦ 2147483647። ለማግስቱ ትምህርት ያስቀመጥሁት ነበር። እኛ የሒሳብ መምህራን ፕራይም የምንለው ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም። መርማሪው ግን አሥር አኃዝ ሲያይ ስልክ መሰለው። በዜሮ ስላልጀመረም የውጭ አገር ነው አለ።

"የማን ስልክ ነው?"

"የማንም አይደለም። የሒሳብ ቁጥር ነው።"

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ አብሮኝ የሚያስተምረውን የፊዚክስ መምህር አነሳ። የዚያ ሰው ወንድም ውጭ አገር ይኖራል። ስልኩ የወንድሙ ነው ብዬ ብፈርም ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ፤ እምቢ ካልሁ ደግሞ መጋዘኑ ሰፊ ነው። እስከ ከሰዓት እንዳስብበት ብሎ መለሰኝ።

ልጄን ታማ ነበር ትቻት የወጣሁ። ያን ቀን ቤቴ በጣም አማረኝ።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ነገሩን ስነግራቸው ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ከአንድ ተነሥቶ እጥፍ፣ የእጥፉንም እጥፍ እያሉ ሠላሳ አንድ ጊዜ መሄድ፣ ከመጨረሻው ላይ አንድ መቀነስ ነው አልኋቸው።

"ታዲያ በቃልህ ያዘውና ፊቱ ቆመህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ውረድለት" አሉኝ። "እኛም ዘንድ ቀለም እንዲህ ነው የሚያዝ።"

እንደ ተማሪያቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኔ ስል እሳቸው ይደግማሉ፤ ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ቁጥሩ ሚሊዮን ሲያልፍ ሌሎቹም እስረኞች ይቀበሉን ጀመር።

ከሰዓት ተጠራሁ። መርማሪው ፊት ቆሜ ከአንድ ጀመርሁ። እሱ በስልኩ እያባዛ ይከተለኛል። መጨረሻ ላይ አንድ ስቀንስ የስልኩን መስታወት አየ፤ ቀጥሎ ያዘጋጀውን ወረቀት አየ።

"እና የማን ነው?" አለኝ።

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስሁለት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ሲለቁኝም ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። የኔታን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ልጄ ድናለች፤ ግን ብዙ ጊዜ አልቀርበኝ ብላ ነበር።

በቀደም ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስተምር የፊዚክሱ መምህር ጠመኔ ሊለምን ገባ። እዚያ ስሙ መነሣቱን አያውቅም፤ ነግሬውም አላውቅ። ሰሌዳውን አይቶ፣

"ይኼ ደግሞ የማን ስልክ ነው?" ብሎ ቀለደ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔን ሳቅ እምቢ አለኝ።

"የማንም አይደለም" አልሁትና የያዝኋትን ጠመኔ ሰብሬ ግማሿን ሰጠሁት።