የውስጠኛው ኮምፒውተር የማያውቀው ትእዛዝ

ከጢቾ ወደ አሰላ መጥቼ ጌም ቤት ስቀጠር ስድስተኛ ክፍልን ብቻ ነበር የጨረስኩት። አማርኛዬም ገና ነበር። በመጀመሪያው ቀን የቤቱ ባለቤት ጋሼ «መጋረጃውን ግለጪው» ሲሉኝ ቃሉን አላወቅኩትም። መጠየቅ አፍሬ ዝም ብዬ ቆምኩ። ጋሼ ሰነፍ መሰልኳቸው።

ቤቱ ውስጥ የድሮ ፕሌይስቴሽን ጌሞችን የሚያስጫውት ፕሮግራም የተጫነባቸው ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንድ ቀን ጋሼ አዲስ የወጣውን ፕሮግራም በሁለቱም ላይ ጫኑ። በበሩ በኩል ያለው ከበፊቱም ፈጠነ። የውስጠኛው ግን ጌሙ ሊከፈት ሲል ጥፍት ይላል፤ ምንም ሳይናገር።

ጋሼ ራም የሚባለውን ሜሞሪ ቀየሩ፣ አቧራውን አራገፉ። አልሆነም። በመጨረሻ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጠፉበት።

«ቅዳሜ ገዢ ይመጣል። ለአንድ ኮምፒውተር ደግሞ እኔ እበቃለሁ» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ወደ ጢቾ መመለስ አልፈለግኩም።

ኮምፒውተሮቹ ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ጋሼ ምሳ ሲወጡ፣ እሳቸው «የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ የሚያውቃቸው ትእዛዞች እነዚህ ናቸው» ብለው ለአንድ ደንበኛ ሲያሳዩ ያየሁትን ዝርዝር በሁለቱም ላይ ከፈትኩ። እንግሊዝኛ ባላውቅም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ስለተማርኩ ፊደሉን መገልበጥ አያቅተኝም። ፕሮሰሰሮቹ የሚያውቋቸውን ትእዛዞች ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ። በበሩ በኩል ባለው ላይ ኤቪኤክስ ቱ የሚል አለ። በውስጠኛው ላይ የለም።

ለመናገር አፍሬ ካርቶኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ክታብ ጻፍሽልኝ?» አሉኝ ጋሼ ከምሳ ሲመለሱ።

ተራ የሚጠብቁት ተጫዋቾች ሳቁ። «ኮምፒውተሩን ቡዳ በልቶታል ጋሼ፣ እሰሩለት!» አለ አንዱ።

«ያኛው የሚያውቀውን ትእዛዝ ይሄኛው አያውቀውም» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም። «ሰነፍ አይደለም፣ ጋሼ። የማያውቀውን አዘዙት።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ብዙ አነበቡ። ለካ አዲሱ ፕሮግራም ያለዚያ ትእዛዝ ጌም አይከፍትም፤ የቀድሞው ግን በሌሎቹ ትእዛዞች ይሠራል። የቀድሞውን መልሰው ጫኑ። ጌሙ ውስጥ ብዙ ሰው የሚራወጥበት ቦታ ላይ ይጎተታል፣ ግን ተከፈተ።

«ገዢው ቅዳሜ ቢመጣስ?» አልኳቸው።

«ሻይ ጋብዘን እንሸኘዋለን። ወረቀቱን አንቺው ንቀይው።»

ማስቲሹ ጠንክሮ ነበር። ጥፍሬን ከጥጉ ስር አስገብቼ ቀስ እያልኩ ወረቀቱን ላጥኩት።