ከዘርፌ መስክ የነቀልሁት አበባ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህን እየዘለልሁ ኖሬያለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብሁት ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ያረፍሁት በአያ ሙላትና በባለቤታቸው በእትዬ ጥሩነሽ ግቢ ነው። ዘርፌ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ በልጅነቷ ታማ ሞታባቸዋለች። የእሷን ክፍል ለእኔ ሰጡኝ። ያ ጊዜ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ዝናብ ሲያባራ የማሳው ሽታ፣ የአያ ሙላት ሳቅ፣ እትዬ ጥሩነሽ ከአጥሩ ሥር ቆመው «መጣሽልኝ?» ሲሉኝ።

በማሳቸው ዳር ያልታረሰ ቁራጭ መስክ ነበረ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሣሩ መሐል አበባ ይበቅልበታል፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀጥ ያለ አገዳ፣ አናቱ ላይ እንደ ስንዴ ዛላ የተጠጋጉ ፈዛዛ ሮዝ አበቦች። ኮሌጅ ሳለሁ ኦርኪድ እንደሚባል ተምሬአለሁ፤ ዛፍ ላይ ሳይሆን አፈር ውስጥ ሥር የሚሰድደው ዓይነት ነው። አያ ሙላት ግን የዘርፌ አበባ ነበር የሚሉት።

«እዚህ ነበር ተቀምጣ የምትጫወት» አሉኝ አንድ ቀን። «ማረሻ አላስነካውም። ጎረቤቴ ደሴ፣ ያውም የክርስትና አባቷ፣ መሬት ጦሙን አይደር እያለ ይቆጣኛል። ይቆጣ!»

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነቀልሁት። በመስከረም ወር፣ በአንዱ እሑድ፣ እነሱ ቅዳሴ ሳሉ፣ ዶማ ይዤ ወረድሁ። አንድ ሁለቱን ብቻ ልወስድ ነበር። ማን አስገደደኝ? ማንም። ፍኖተ ሰላም ያለው የእናቴ ግቢ በአበባ ሲደምቅ፣ ወጪ ወራጁ ሲያደንቀኝ ታየኝ፤ አንድም ሳላስቀር ነቀልሁ። ወስጄ ተክዬ ስመለስ አያ ሙላት ጉድጓዱን እያዩ ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ የጨከነብኝ? ያየሽው ሰው አለ?»

«አያ ደሴ ዶማ ይዘው በዚህ ሲያልፉ ያየሁ መሰለኝ» አልሁ።

መሰለኝ አልሁ! ምን መሰለኝ? ዶማውን የያዝሁት እኔ፣ ያለፍሁት እኔ።

አያ ደሴ በማርያም ስም ማሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አያ ሙላት ግን «አስተማሪ ትዋሻለች?» ብለው እንቢ አሉ። አብረው ማኅበር የጠጡ፣ እርስ በርስ ማሳ የተራረሙ ሁለት ሰዎች የእግዜር ሰላምታ ተነፋፈጉ። በዓመቱ አያ ሙላት ያንን መስክ ራሳቸው አረሱት። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሁ።

አበቦቹንም ገደልኋቸው። ጥቁር አፈር በፍግ ለውሼ ተከልኋቸው፤ እናቴንም ጠዋት ማታ ውሃ አጠጪልኝ አልኋት። ጥቅምት ላይ ቅጠላቸው ሲገረጣ ጠማቸው ብዬ አስጨመርሁላቸው። በሰበሱ። ከነሣሩና ከነአፈሩ በአሮጌ ገንቦ ውስጥ ጥዬ የረሳኋት አንዲት ብቻ ተረፈች። በጋውን ሙሉ ጠብታ ሳታገኝ ከርማ፣ ሰኔ ላይ አቆጠቆጠች። ያኔ መጽሐፍ አገላብጬ ገባኝ። ከሥሯ ያሉት ሁለት ትንንሽ ድንች መሳዮች አንዱ ያምናው ነው፣ አንዱ የመጪው ዓመት ነው። በበጋ ትተኛለች እንጂ አትሞትም፤ ውሃ የምትጠጣው ዝናቡ ሲገባ ነው። ፍግ ያቃጥላታል። የምትመገበውም በትውልድ አፈሯ ውስጥ ባለ፣ ዓይን በማያየው ፈንገስ እየታገዘች ነው፤ ስለዚህ አፈሯን አራግፎ የሚተክላት ያስርባታል። ከዚያ ወዲህ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኋት፤ ቀስ እያለችም ተራባች።

አምና አንዷን በአበባዋ ይዤ ወደ መንደሩ ሄድሁ። ለአያ ሙላት ልናዘዝ ነበር። አርፈዋል። እትዬ ጥሩነሽ አርጅተዋል፤ አበባዋን ሲያዩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«የዘርፌ አበባ! ያ ሰው ሳያጠፋት አንዷን ወስደሽ ኖሯል? እግዜር ነው ያስወሰደሽ፤ ዘርሽ ይባረክ ልጄ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

እኔም አሜን አልሁ። ይሰማችኋል? አሜን አልሁ። ቀጥዬም «በበጋ ውሃ እንዳያጠጧት፣ እትዬ፤ ፍግም አያቅርቡባት» እያልሁ አስተማርኋቸው።

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አምና ልጅ አልነበርሁም። ስለ አበባው ይቅር በሉኝ ብዬ ብለምናችሁም፣ የአበባው ባለቤቶች እናንተ አይደላችሁም። አያ ደሴ ዛሬም በሕይወት አሉ። እትዬ ጥሩነሽን ተሰናብቼ ስወጣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እንደምን ዋልሽ፣ አስተማሪዋ» አሉኝ። እግዜር ይመስገን ብዬ አለፍሁ።