የማይወድቅ ደመራ

ደመራ መውደቅ አለበት። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ወለንጪቲ ውስጥ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ወለንጪቲ እኔ ተወልጄ ያደግኩባት፣ እናቴም እስከ አምና መስቀል ድረስ የኖረችባት ከተማ ናት።

የሰፈራችን ደመራ የሚተከለው ዙሪያዋን ቤት በከበባት ሜዳ ላይ ነው። በዋዜማው ተተክሎ ያድርና በመስቀል ማለዳ ይለኮሳል። እሳቱ ሲይዝ ሁሉም አንገቱን አስግጎ መሐል የቆመውን ግንድ ያያል። ሌላው አገር ከግንዱ አወዳደቅ የዓመቱን ዝናብና ሰላም ያነባል። እኛ ሰፈር የሚነበበው ግን ቁርስ ነው። ግንዱ በወደቀበት በኩል ያለው ቤት የዚያን ዓመት ሰፈሩን ይቀበላል። የት እንደሚወድቅ አይታወቅምና ሁሉም ቤት ዳቦ ጋግሮ፣ ጠላ ጠምቆ ይጠብቃል። ከወደቀ በኋላ ሌላው ያዘጋጀውን ተሸክሞ እዚያ ቤት ይገባል። ሙስሊሙም ጴንጤውም ይመጣል። ዳቦው የሚቆረሰው ግን የባለቤቱ ነው፣ ምርቃቱም ለእሱ ነው።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ግንዱ ወደ እኛ ቤት ወድቆ አያውቅም። እናቴ በየዓመቱ ትጋግራለች፣ በየዓመቱ ዳቦዋን ይዛ ሰው ቤት ትሄዳለች። አምና ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ዓይኗ ስለደከመ በበዓሉ ማግስት አዳማ እኔ ዘንድ ልወስዳት ተስማምተን ነበር። በዚያ ቤት የመጨረሻ መስቀሏ ነው። "አንድ ጊዜ ብቻ ቢወድቅልኝ" አለችኝ ሊጡን እያቦካች። "ጎረቤቶቼ ገብተው መርቀውኝ ልሂድ።"

ኮሚቴ የሚባል ነገር የመጣብን በቅርቡ ነው። ድሮ እንጨት የሚያመጣ ያመጣል፣ የሚተክል ይተክላል፣ አለቀ። ወሎ ተወልዶ እኛ ጋ ያደገው ሙስሊሙ ጎረቤታችን ስንት ዓመት ሙሉ በአይሱዙው እንጨት ሲያመላልስ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለለት የለም። አሁን ባጅ አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ማይክ አለ፣ ለክብር እንግዶች ድንኳን አለ። ካቻምና ግንዱ ወደ ድንኳኑ ሲያጋድል አንዱ የክብር እንግዳ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ሮጠ። ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኮሚቴው ግን አልሳቀም።

የአምናው ደመራ ሲለኮስ እስከ ጫፉ ሣርና አደይ አበባ ለብሶ ነበር። ከሥሩ ያለውን ማን ይጠረጥራል? እናቴን በራችን ላይ በርጩማ አምጥቼ አስቀመጥኳት። እጄን ይዛ "ወዴት እያጋደለ ነው?" ትለኛለች። "ገና ነው፣ እማዬ" እላታለሁ። እንጨቱ ነደደ፣ ተናደ፣ ፍም ሆነ። መሐሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ጭሱ ሲገፈፍ ብረት ሆኖ አገኘነው። ሥሩ በሲሚንቶ የታሰረ፣ ጫፉ ላይ መስቀል የተበየደበት ረጅም ብረት።

"ኩን ማሊ?" አሉ አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ። "ምንድን ነው ይኼ? ደመራ ነው የመብራት ፖል?"

የኮሚቴው ሰብሳቢ ማይኩን ይዞ፣ ደመራው ዘንድሮ በዘመናዊ መንገድ ስለተሠራ ጸንቶ ቆሟል፣ ይህም ለከተማችን መልካም ምልክት ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰብሳቢውስ ሰብሳቢ ነው። እናቴ ቤት በልቶ ያደገ ሰው ግን የተደረገበትን በዓይኑ እያየ ያጨበጭባል?

ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ "ታዲያ ሰፈሩን ማን ሊቀበል ነው?" አልኩት።

"እሱ ታስቦበታል፣ እህቴ። አዳራሽ ውስጥ ኬክና ለስላሳ ተዘጋጅቷል። በባጅ ነው የሚገባው።"

ምላሴ ላይ የመጣውን ስድብ የዋጥኩት ለበዓሉ ብዬ ነው። ባልዋጥኩት ኖሮ እላለሁ አሁን።

ስመለስ እናቴ ከበርጩማው አልተነሳችም። "ቆይ፣ ይወድቃል" አለች።

"እማዬ፣ ብረት ነው። አይወድቅም።"

ጎረቤቱ በፊታችን እያለፈ ወደ አዳራሹ ይተማል። "እንኳን አደረሰዎ" ይሏታል፣ ግን ማንም አይቆምም። ቤት ውስጥ ዳቦው ተሸፍኗል፣ ብርጭቆው ታጥቦ ተደርድሯል፣ ከጎረቤት የተዋስናቸው ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ያን ጊዜ ያንን ብረት በጥርሴ ነክሼ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

"በይ ዳቦውን አንሺው" አለች በመጨረሻ። "እነሱ ካልመጡ እኛ እንሄዳለን።"

አዳራሹ በር ላይ ቲሸርት የለበሰ አስተናጋጅ ቆሟል። "እናቴ፣ ባጅ ይዘዋል?" አላት።

"እዚህ ሰፈር ነው ያረጀችው፤ የምን ባጅ ነው የምትጠይቃት?" አልኩት።

እናቴ ክንዴን ጨመቅ አደረገችው። "በበዓል ቀን አትጩሂ" አለችኝ።

አስተናጋጁ ሙቀቱ ገና ያልወጣለትን ድፎ ዳቦ አየት አደረገና ለስለስ አለ። "ዳቦውን እኛ እናስገባልዎታለን" አለ። ከእጄ ተቀበለኝ፣ ገባ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋው። እኛ እውጭ ቀረን።

ከበሩ በላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። ሰብሳቢው የክብር እንግዳውን ዳቦ እንዲቆርሱ ጋበዘ።

"የእኔው ነው" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

ቢላዋው ሲገባ ጩኸትና እልልታ ተሰማ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ይህን የመሰለ ዳቦ ላዘጋጀልን ለኮሚቴያችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ ይሰጥልን አለ።

በሩን በጡጫ ልደበድበው ዞርኩ። ስዞር እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙራ፣ ታጨበጭባለች።