ወንድሜ ሚስቱን ሲስል

ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሰፈሩ «እጀ ወርቅ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ሱቁ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅባት ክፍል ነበረች። ማጉያ መነፅሩን አንድ ዓይኑ ላይ ገጥሞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን በወረንጦ ሲያነሳ ያየ ሰው ያንን ስም አይነፍገውም። ግራኝ ነው። በልጅነቱ እናታችን ማንኪያውን ከግራው ቀምታ ቀኙ ላይ ስታስይዘው፣ ዞር እስክትል ጠብቆ ወደ ግራው ይመልሰው ነበር። በእጁ ጉዳይ የማንንም ምክር ሰምቶ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ሰዓት ከስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ቀዘቀዘ። «ስልክ ቤቴን ዘጋው» እያለ ይራገም ነበር። የሚራገመውም ስልኩን እየነካካ ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ሲጠብቅ በእርሳስ ብቻ የተሳለ የውሃ ጠብታ አየ። ጠብታው ከወረቀቱ ላይ ተንከባሎ ሊወርድ ነው የሚመስለው።

«ይህንን የሠራው እጅ ነው» አለኝ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ። «እኔ ታዲያ ምን አለኝ? እግር?»

ጠብታውን የሳለው ሰው የሚሰጠውን የኦንላይን የሥዕል ትምህርት የዚያኑ ዕለት ከፍሎ ተመዘገበ።

ሚስቱ ክትባት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። እርሳስ ይዛ ስላ አታውቅም። የመጀመሪያው ትምህርት ቀን ስልኩ የስኳር ቆርቆሮውን ተደግፎ አልቆም ብሎ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው «እስቲ ያዢልኝ» አላት። ያዘችለት። ዝም ብሎ መያዝ ሲሰለቻት በሌላ እጇ ትርፉን እርሳስ አነሳች። ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። እኔ ታናሽ እህቱም እዚያው ነበርኩ፤ አላገባሁም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ የወንድሜ ቤት ነው።

የመምህሩ ፊት አይታይም። የሚታየው ቀኝ እጁ ብቻ ነው። «ውዶቼ፣ ከላይ ከግራ ጀምረን ወደ ቀኝ እንሄዳለን» ይላል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው። የዚያን ቀን የሚሳለው እንቁላል ነበር። የወንድሜ እንቁላል ከምድጃ ሥር ወድቆ የተረሳ ድንች መሰለ። የእሷን አየሁና አፌ አላርፍ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ከጠረጴዛው ላይ ቢወድቅ ይሰበራል!»

እሷ ሳቀች። ወንድሜ ላጲሱን አንስቶ ድንቹን ያጠፋ ጀመር። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ብርጭቆ መጣ፤ ቀጥሎ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰው ዓይን። እሱ የሳለው ሁሉ ሲያልቅ በጭቃ እግር የተረገጠ ይመስላል፤ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። መጀመሪያ እርሳሱን ወቀሰ፣ ሌላ ገዛ። ወረቀቱን ወቀሰ፣ ወፍራም ወረቀት ገዛ። እሷ የእሱን ትራፊ እየለቀመች ትስላለች፤ የእሷ ግን ንጹህ ነው። አንድ ቀን ለስላሳው እርሳስ ጠፋ ተባለ። ሱቁ ውስጥ በሰዓት መሳቢያው ከማሰሪያዎቹ ሥር ደብቆት አግኝቻለሁ፤ ዝም አልኩ። እሷ በጠንካራው እርሳስ የራሷን ግራ እጅ ሳለችና መምህሩ ወደከፈተው ግሩፕ ላከችው። መምህሩ «ይህንን ትዕግሥት እዩልኝ» ብሎ ለተማሪው ሁሉ አሳየ። ለወንድሜ ሥዕል የጻፈለት «በርታ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች።

«በርታ የሚባለው ለወደቀ ሰው ነው!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

የባሰው ከዚያ መጣ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ማሽኑ ምን ያህል ጥርት አድርጎ እንደሚያወጣ ለማሳየት የነርሷን የእጅ ሥዕል ቅጂ መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ወንድሜ ሱቁን ሊከፍት በመጣ ቁጥር የሚስቱ እጅ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

ከጫማ ሰፊው አፍ መቼም የሚተርፍ የለም። «እጀ ወርቅ፣ ወርቁ ወደ ሚስትዮዋ ዞረ አሉ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔ የማላውቀው ዶሮዋ ማን እንደሆነች ነው።»

«አንተ ጫማህን ስፋ!»

«እሰፋለሁ። እኔማ ሚስቴ ወስፌ አትነካብኝ!»

ነርሷ ግን ነገሩ ገብቷት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከኋላው ቆማ ሲስል አየችውና ቀስ ብላ፣ «ስማኝማ፣ የሠራኸው ላይ እኮ እጅህ እየሄደበት ነው። ግራኝ ስለሆንክ ነው። በቀኝ በኩል ጀምረው» አለችው።

ቀና ሳይል፣ «መምህሩ ከግራ ነው ያለው» አላት። «አሁን ደግሞ ከመምህሩም በለጥሽ?»

ሌላ ሰው ነግሮት ቢሆን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈው ነበር። ከእሷ አፍ ስለወጣ ብቻ፣ ሆን ብሎ ከግራ ጀመረና እንደገና አጨማለቀው።

የመጨረሻው ትምህርት የሰው ፊት ነው። «ፎቶ አይሆንም፤ ሕያው ሰው ፊታችሁ አስቀምጡ» አለ መምህሩ። ትምህርቱ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ይህንን ሥዕል ያላስረከበ አልጨረሰም ማለት ነው።

«አንተን ነው የምስለው» አለችው።

«እህቴ አለችልሽ። እሷን ሳዪያት፤ መቀመጥ እንደሆነ ሥራዋ ነው።»

እኔ እንኳ ደስ ብሎኝ ፀጉሬን በእጄ ማስተካከል ጀምሬ ነበር። «አይ፣ እሷን አይደለም» አለች ነርሷ። «እሱን ነው የምፈልገው።» እጄን ከፀጉሬ ላይ አወረድኩ።

እሱ አልቀመጥም አለ። አንድ ቅዳሜ ጥርሱን አመመው። ሌላ ቅዳሜ ጢሙን አልተላጨም። ሌላ ቅዳሜ ብርሃኑ አላማረውም። መታጠቢያው ጋ ለብቻው አግኝቼ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

እጁን እያሻሸ፣ «ቁጭ ብዬ ስታሸንፈኝ ልያት?» አለኝ።

«ሚስትህ እኮ ናት!»

«ሚስቴ ባትሆን መች ይቆጨኝ ነበር?»

ነርሷ ደግማ አልለመነችውም። እርሳሶቿን ሰብስባ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች፤ ቆርቆሮውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ሌላም ሰው አልሳለች። ወንድሜ ይሄ ያስደስተዋል ብዬ ነበር። ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ግን እሱም እርሳስ መያዝ አስጠላው። የሚቀናበት ሥዕል ጠፋ፤ ቤቱ ጭር አለ። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ የመጨረሻዋ ቅዳሜ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን ራሱ አወረደው።

«እሺ፣ ሳዪኝ። ግን እኔም አንቺን እስላለሁ። እኩል ጀምረን እኩል እንጨርሳለን።»

«ውድድር ነው?»

«እንዴታ!»

ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ በጎን ሆኜ አያለሁ። እሷ በቀኟ ያዘች፣ እሱ በግራው፤ ፊት ለፊት ስለሆኑ ሁለቱም እርሳስ በመስኮቱ በኩል ሆነ። ወንድሜ ፊቷን ማየት ነበረበት። አላየም። ፈተና ላይ ከጎረቤቱ እንደሚኮርጅ ተማሪ ዓይኑን እጇ ላይ ተክሎ ቀረ። እሷ ከወረቀቷ ጥግ ከበሩ በኩል ስትጀምር እሱም ከበሩ በኩል ጀመረ። እጇ ወደ መስኮቱ ስትሄድ የእሱም ወደ መስኮቱ ሄደ። ስታጠቁር ያጠቁራል፣ ስታቆም ያቆማል። መስታወት ፊት ያለ ሰው ነው የሚመስለው። ሳያስበው በቀኙ በኩል ጀምሯል ማለት ነው። ምክሯን አልሰማም፤ ቅናቱ ግን እጇን አስከተለው።

እሷ ነቅታለች። ከንፈሯን ነክሳ፣ እንዲደርስባት እጇን ዘገም ስታደርግ አይቻለሁ።

ሲጨርሱ ወንድሜ እጁን አነሳና የመዳፉን ጠርዝ አገላብጦ አየው።

«አልቆሸሸም» አለ።

«በቀኝ ስለጀመርክ ነዋ።»

«ማን ነገረኝ?»

«እኔማ ብነግርህ መች ሰማኸኝ!»

ወረቀቶቹን ተለዋወጡ። የእሱ ሥዕል ፊቱ የነርሷ የሩቅ የአጎት ልጅ ፊት ነው። እርሳስ የያዘችው እጅ ግን ራሷ ናት፤ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለችው ትንሽ እጥፋት እንኳ አልቀረችም። ያየው እጇን ብቻ ነውና። የእሷ ሥዕል ደግሞ እሱን አንድም ሳያጎድል አስቀምጦታል፦ ቅንድቡ ተኮማትሯል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ዓይኑ ወደ ጎን ዝቅ ብሎ የሰው እጅ ይሰልላል። ቅናት ፊት ቢኖረው ይኸው ነው።

ወንድሜ ብዙ አየው። «እኔ እንዲህ ነው የማይሽ?»

«ከእንቁላሉ ቀን ጀምሮ።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሰኞ እሱ የሳላትን ሥዕል ወስዶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መስኮት ላይ ከእሷ እጅ ጎን አስለጠፈው። ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ሲያየው ቆይቶ፣ «እጇስ ጥሩ ናት፤ ፊቱ ግን የማን ነው?» አለ። ወንድሜ ያን ቀን አልተቆጣም።

ወንድሜ የሞተው ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ነው። ልቡ ነው አሉን። ወረንጦው በእጁ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ጫማ ሰፊው አገኘው።

ግድግዳው ላይ የሚሰቀለውን ፎቶ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ካሉት ሁሉ ጥርት ያለው፣ ክራባት ያሰረበት፣ ቀጥ ብሎ የሚያይበት ነው። በፍሬም አስገብቼ፣ ከጀርባው ቀኑን ጽፌ ይዤ ስሄድ ነርሷ ቀድማኝ ሥዕሉን ሰቅላለች። የሥዕሉን መስታወት በጨርቅ እየወለወለች ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የቀናበት ፊቱ ነው። ሰው ምን ይላል?»

መወልወሏን አላቆመችም። «ለደንበኛ የሚሆን ፊት ነበረው፤ ላንቺም የሚሆን ነበረው። ይሄኛው ግን ለኔ ብቻ ነበር።»

 እሷ ሻይ ልትጥድ ስትወጣ ከሥዕሉ ፊት ቆምኩ። ወደ በሩ ጠጋ አልኩ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። በየትም ብቆም ወንድሜ አያየኝም። ዓይኑ የሚሄደው እጇ ወደነበረችበት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ከሰው ሁሉ በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር፤ ሰዉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ። አንድ ቀን ቀንቶብኝ አያውቅም። ያ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኩራቴ ነበር።

ፎቶውን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አሁን አልጋዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ቀጥ ብሎ ያየኛል፣ ፈገግ ይልልኛል፤ ልክ ሰዓቱን ሊወስድ ለመጣ ሰው ፈገግ እንደሚለው።